ወተት የገባበት ማንጎ

ማንጎው ውስጥ ወተት ገብቷል።

ኤሊ ይህን የሰማችው ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ ለአንዲት የዋና ልብስ ለለበሰች ሴት ሁለት የማንጎ ጭማቂ እሽጎች እያቀበለች ሳለ ነው። ከኪዮስኩ መስኮት ውጭ ሰልፉ ጥላውን አልፎ ሣሩ ላይ ወርዷል። ቅዳሜ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ከኦስሎ መሀል ከተማ የሚነሣው ጀልባ በመጣ ቁጥር ደሴቲቱ ላይ ሰው እያራገፈ ይመለሳል። በነሐሴ እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘ ኦስሎ ውስጥ ቤቱ የሚቀር የለም።

“ምን አሉኝ ጋሽ ጌቱ? እስቲ ይድገሙልኝ።”

“አሳምረነዋል ነው የምልሽ!” አሉ ጋሽ ጌቱ ከቢሾፍቱ። የፋብሪካው ባለቤት ናቸው፤ ድምፃቸው ልጁን የዳረ ሰው ድምፅ ይመስላል። “ናሙናውን ስልክልሽ ቀጠነብኝ ብለሽ አልነበር? እኔ እንዲህ ተብዬ መቼ ዝም እላለሁ! በዚህኛው ዙር ትንሽ የወተት ዱቄት ጣል አስደረግሁበት። ፈረንጅ ወተት ይወዳል ብዬ እኮ ነው። አልወደዱትም?”

ኤሊ ሰልፉን አየች። ወደውታል። አንዳንዱ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ነው።

“ማሸጊያው ላይ ግን ወተት አይልም።”

“ማሸጊያውማ አስቀድሞ ታትሞ ያለቀ ነው። ያን ሁሉ ልጥለው ነው? ለሚቀጥለው እናስተካክላለን፤ አታስቢ።”

“ጋሽ ጌቱ፣ መልሼ እደውላለሁ” ብላ ዘጋችው።

ማሸጊያው ወተት አለማለቱ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ይህኛው ግን የለም ብሎ ይምላል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ወረቀት አለ። በአማርኛ “የጾም”፣ ከሥሩ በኖርዌይኛ “ወተት የሌለበት” ይላል። ሐሳቡ የራሷ የኤሊ ነው። ትናንት ማታ ሆልምሊያ ሰፈር እናቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው እየቀለዱ የለጠፉት ነው። ገና ናሙናው ሲመጣ የማንጎውን ዓይነት ጠይቃለች፣ የስኳሩን መጠን ጠይቃለች፣ የኖርዌይኛው ጽሑፍ ፊደል ከሚፈቀደው እንዳያንስ በማስመሪያ ለክታለች። ወተት አለበት ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም። ማን ይጠይቃል? የማንጎ ጭማቂ በጾም የሚጠጣ ነገር ነው። ውኃ ጾም ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

“ምን ሆንሽ? ፊትሽ ነጣ” አለ ሶፎንያስ። የአክስቷ ልጅና የንግድ ሸሪኳ ነው፤ ከጓሮ ካርቶን ተሸክሞ እየገባ ነው። “ቀጥዪ እንጂ፣ ሰው ቆሟል።”

“ሶፊ፣ ወተት አለበት።”

“ምኑ?”

“ማንጎው። ጋሽ ጌቱ ወተት ጨምሮበታል።”

ሶፎንያስ ካርቶኑን እንደ ታቀፈ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና፣ “ለዚህ ነው ለካ እንዲህ የሚጥመው” አለ።

ኤሊ አልሳቀችም። የጠዋቱን ሰው አስታውሳ ነበር። መስኮቱን እንደ ከፈቱ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ ቀይ ባርኔጣ ያደረገች ትንሽ ልጅ እጁን ይዛለች። “ወተት እንደሌለበት እርግጠኛ ነሽ?” ብሎ ጠየቃት። ልጁ የወተት ጠብታ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል፤ መርፌዋን በቦርሳው ይዞ ነው የሚዞረው። ኤሊ አረንጓዴዋን ወረቀት በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ “እሱን ብለን አይደል የለጠፍነው!” አለችው። ሰውዬው ደስ ብሎት ሁለት ገዛ። ልጅቷ ከኪዮስክ ራሷ መርጣ ስትገዛ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገራት።

“መሸጥ አቁም” አለች ኤሊ፣ ሽርጧን እየፈታች።

“ወዴት ነው?”

“የጠዋቷን ልጅ ልፈልጋት። ቀይ ባርኔጣዋን። አቁም ብዬሃለሁ፣ ሶፊ!”

“ይህን ሁሉ ሰው ምን ልበለው?”

“የፈለግኸውን በለው!”

ከጓሮ በር ወጥታ መሮጥ ጀመረች። “ኤሊ ስትሮጥ አየሁ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ!” ሲል ሰማችው። ስሟ ኤልሳቤጥ ነው፤ ኤሊ ያሏት ኖርዌዮቹ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። ኤሊ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ በስሟና በጥድፊያዋ ያላገጠባት ቀን የለም።

ደሴቲቱ ትንሽ ትመስላለች፤ ሰው ለሚፈልግ ግን ትንሽ አይደለችም። በስተደቡብ የሚዋኙት አሉ፣ በመሀል ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት፣ ከዛፎቹ ሥር ቋሊማ የሚጠብሱት። ቀይ ባርኔጣ ደግሞ ለካ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ መለያ ነው። አንዷን ከኋላ ጠርታ ዞር ስትል ወንድ ልጅ ሆነ። ሌላዋን ስትደርስባት ከአያቷ ጋር የተቀመጠች ናት። “ረጅም አባት፣ ቀይ ባርኔጣ ያላት ልጅ፣ ማንጎ የያዘች!” እያለች በኖርዌይኛ ትጮሃለች። ማንጎ ያልያዘ ሰው ግን የለም። በየጨርቁ ላይ፣ በየድንጋዩ ላይ፣ በየሕፃኑ እጅ ላይ ብርቱካናማው እሽግ ያበራል። የበረዶውን ክረምት ሙሉ ስታልመው የነበረው ይኸው ነው። አሁን እያንዳንዱን ባየች ቁጥር የያዘውን ሰው ፊት ታያለች።

ክረምቱን ሙሉ ነው የለፋችው። ንግድ አጥንታ የተመረቀች ሰው ቢሮ ገብታ ትቀመጣለች ብሎ የጠበቀ ዘመድ ሁሉ ጉድ አለ። ይህ አገር አንዲት ብርጭቆ ጭማቂ ለማስገባት የማይጠይቀው ነገር የለም። ደሴቲቱ ላይ መሸጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቅደው። አመልክታ፣ ተከራክራ፣ ደውላ፣ እንደገና ደውላ የበጋው ማብቂያ ላይ ለሙከራ ሰጧት። ዛሬ የኮሙኑ ሠራተኛ ማርያ መጥታ ታያለች። ከወደደችው የሚመጣው በጋ ሙሉውን የኤሊ ነው።

በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሰው በማይበዛበት አለት ላይ አገኘቻቸው።

ልጅቷ ቀይ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፍታ፣ እሽጉን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ፣ በወረቀት ስትሮ ቀዳዳውን ትወጋለች። ስትሮው ታጠፈ። አባትየው ከቦርሳው የቤት ቁልፍ አውጥቶ፣ “ቆይ እኔ ልብሳልሽ” እያለ እጁን ሲዘረጋ ኤሊ ደረሰችና እሽጉን ከልጅቷ እጅ መነተፈችው።

ልጅቷ ጮኸች። አባትየው ብድግ አለ።

“ቀምሳዋለች?” አለች ኤሊ። ትንፋሽ አጥሯታል። “ቀምሳዋለች ወይ?”

“ምን ሆነሻል አንቺ?”

“ወተት አለበት። አሁን ነው የነገሩኝ። ቀምሳዋለች?”

ሰውዬው ተንበርክኮ የልጁን ከንፈር አየ፣ አፏን አስከፍቶ አየ፣ ጣቶቿን አሸተተ። ከዚያ ሁለተኛውን እሽግ ከቦርሳው አወጣ። እሱም አልተከፈተም፤ ስትሮው ከጎኑ እንደ ተሰበረ ተንጠልጥሏል።

ያን የወረቀት ስትሮ ኤሊ ጠዋት ሙሉ ስትረግመው ነበር። ፕላስቲኩ ስለ ተከለከለ የገዛችው ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ደንበኛው ሁሉ እየተመለሰ ሌላ ስጪኝ ይላታል። አሁን ጎንበስ ብላ ብትስመው በወደደች።

“አልከፈት ብሎን ነው” አለ ሰውዬው። እሽጉን ወደ እሷ አዞረ። “የለበትም ብለሽኝ ነበር።”

“ብዬሃለሁ።”

“ተጽፎበታልም።”

“የጻፍሁትም እኔ ነኝ።”

ሰውዬው አላመሰገናት፣ አልሰደባትም። ልጁን አቅፎ፣ “ለሌሎቹ ንገሪያቸው” አላት ብቻ።

ስትመለስ እየሮጠች ስልኩን አወጣች።

“ጋሽ ጌቱ፣ አንተ ሰው ልትገድልብኝ ነበር!”

“አንተ?” አሉ ጋሽ ጌቱ። ከወተቱ ይልቅ እሱ ነው የከነከናቸው። “እኔ የአባትሽ እኩያ አንተ ልባል?”

“እሺ እርስዎ! እርስዎ ሰው ሊገድሉብኝ ነበር! ልጅቷ ወተት ከቀመሰች ትሞታለች። እኔ የለበትም ብዬ ሰጠኋት!”

“ወይ አምላኬ” አሉ፤ ድምፃቸው በአንድ ጊዜ አረጀ። “ደህና ናት?”

“ደህና ናት። አሁን ያዳምጡኝ። ወተቱን ያወጡታል። ዱቄቱን፣ የነካውን ማሽን፣ ሁሉንም ያሳጥባሉ። የሚያወፍሩት ማንጎ አብዝተው እንጂ በወተት እንዳይሆን። የሚቀጥለው ዙር ላይ የወተት ሽታ ካገኘሁ እያንዳንዷን እሽግ ቢሾፍቱ መጥቼ ራስዎን ነው የማስጠጣዎት።”

“የሚቀጥለው ዙር?” አሉ ጋሽ ጌቱ። “አሁንም ልትቀጥዪ ነው?”

ኤሊ ይህን አላሰበችበትም ነበር። “እሱን በኋላ” አለችና ዘጋችው።

ኪዮስኩ ጋ ስትደርስ ሰልፉ አልቀነሰም፤ ብሷል። ሶፎንያስ በመስኮቱ ላይ ተደግፎ እየሳቀ ይሸጣል። ኤሊ በጓሮ በር ገብታ እጁን ያዘችው።

“አቁም አላልሁህም?”

“ቀስ በይ” አላት በአማርኛ፣ ለደንበኛው ፈገግታውን ሳያጥፍ። “አስተካክዬዋለሁ። ይኸው።”

አረንጓዴው ወረቀት ተልጧል። ወለሉ ላይ የተላጡት ወረቀቶች ተከምረዋል።

“አሁን ማንንም አልዋሸንም” አለ ሶፎንያስ። “ጾም ነው አላልንም፣ ወተት የለውም አላልንም። እነዚህ ደግሞ ፈረንጆች ናቸው፤ ምን ጾም አላቸው?”

“ልጅቷ ፈረንጅ ናት፣ ሶፊ።”

“አገኘሻት?”

“አግኝቻታለሁ። አልጠጣችም።”

“ተመስገን!” አለ ከልቡ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንግዲያው ምን ቀረ? ሴትዮዋ መጥታለች። ፊት ለፊትሽ ናት። እባክሽ ኤሊዬ፣ አፍሽን ያዢልኝ።”

ማርያ ከሰልፉ ወጥታ ወደ መስኮቱ እየመጣች ነው። የኮሙኑን ጃኬት በክንዷ አንጠልጥላለች፤ በሌላው እጇ የማንጎ እሽግ ይዛለች፤ ገና አልከፈተችውም። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነው።

“እኔ እዚህ ደሴት ላይ ብዙ በጋ ሠርቻለሁ” አለች። “ለዚህ ኪዮስክ ሰው ሲሰለፍ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በጽሑፍ ላሳውቅሽ ነበር ሐሳቤ፤ ግን ምን አስጠበቀኝ? የሚመጣው በጋ ያንቺ ነው። ከወደድሽ የጎረቤቷንም ደሴት እንጨምርልሻለን።”

ከጀርባዋ ሶፎንያስ ትንፋሹን ዋጠ። የኤሊ ልብ ደግሞ እንደ ሕፃን ዘለለ። ሁለት ደሴት! ሙሉ በጋ! ልክ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አየችው፤ ሁለተኛውን ኪዮስክ፣ የማንጎውን ሥዕል በጀልባው ማቆሚያ ላይ፣ ስለ ቢሮ ሲጠይቋት የነበሩትን ዘመዶቿን ፊት። አፏን ከፍታ “አመሰግናለሁ” ልትል ነበር። ማርያ ግን ስትሮውን አነሣች።

ኤሊ በመስኮቱ እጇን አሾልካ እሽጉን ወሰደችባት።

“ወተት አለበት” አለች። “ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። እንዲያውም የለበትም ብለን ለጥፈንበት ነበር። ያወቅሁት አሁን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን ሰው እየጠጣው ነው።”

የማርያ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ ያጣ ሰው መስሎ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

“አሁን ስትይ?”

“ፋብሪካው ደወለ። መጀመሪያ አንዲት አለርጂ ያለባት ልጅ ነበረች፣ እሷን ፍለጋ ሄድሁ። አግኝቻታለሁ፣ ደህና ናት።”

“እና እነዚህ?” ማርያ ሰልፉን በእጇ አሳየች። “አሁንም ስትሸጡ ነበር።”

ሶፎንያስ አቀረቀረ። ኤሊ፣ “ሸጠናል። አሁን አቁመናል” አለች።

ማርያ ጃኬቷን ለበሰች። በዚያች ጃኬት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎቹን ጠርታ በየአቅጣጫው ለሰው ሁሉ እንዲናገሩ ላከቻቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

“ቅድም ያልሁሽን እንዳላልሁ ቁጠሪው።”

“ገባኝ።”

“ለምግብ ቁጥጥሩ እኔ ልደውል ወይስ አንቺ ትደውያለሽ?”

“እኔ እደውላለሁ። ዛሬውኑ።”

ማርያ ትንሽ አየቻትና፣ “ከአንቺ አፍ መስማቴ ጥሩ ነው” ብላ ወደ ዋናተኞቹ ወረደች። ሰልፉም እያጉረመረመ ተበተነ።

ሶፎንያስ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል።

“ሁለት ደሴት” አለ። “ሁለት ደሴት ሰጥታሽ ነበር። አንድ ጉንጭ አትጠጣም ነበር?”

“ትጠጣ ነበር። ከዚያስ?”

“ከዚያማ ከዚያ ወዲያ እናስብ ነበር! አንቺ ሁልጊዜ መቸኮል ነው። ማውራትም ትቸኩያለሽ።”

መልስ ልትሰጠው ስትል የጀልባው ጡሩንባ ተሰማ። ሁለቱም በመስኮቱ አዩ። ከጀልባው ላይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ነጭ በነጭ የሆኑ ልጆች እየተንጫጩ ይወርዳሉ። ከፊት ከፊታቸው ወይዘሮ በቀለች፣ የኤሊ እናት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየመሩ ይመጣሉ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ከቅዳሴ በቀጥታ ነው ይዘው የመጡት። ፍልሰታ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ቆርበዋል። በቀለች ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ “ልጄ የጾም ማንጎ ከአገር አስመጥታለች፤ ያለ ሐሳብ አጠጧቸው፤ በእኔ ይሁንባችሁ” ብለው ለእናቶቹ ሁሉ ቃል ሰጥተዋል።

“ኤሊ!” አሉ ከሩቅ። ለሠላሳ ዓመት የመሀል ከተማውን ቢሮዎች ያጸዱበት ጉልበት ያለው ሁሉ ድምፃቸው ውስጥ ነው። “ዕቃሽን አዘጋጂ! የተራበ ሠራዊት ይዤልሽ መጣሁ!”

“እማዬ መጣች” አለች ኤሊ።

ሶፎንያስ ብድግ አለ። ፊቱ ላይ ሌላ ሐሳብ መጥቷል። “ስሚኝ። አሁን የወረዱ ናቸው፤ ጠባቂዎቹ የሚሉትን አልሰሙም። አልቋል በያቸው።”

“ምኑ?”

“ማንጎው አልቋል በያቸው፣ በቃ! ፈረንጆቹ ጨረሱት በያቸው። ደስም ይላቸዋል፤ በቀለች በኩራት ነው የምትሞተው። ኮሙኑን አጥተናል። የቀረን ገበያ እነሱ ናቸው፣ ኤሊ። አንድ ጊዜ የዚያች ልጅ ማንጎ ወተት አለበት ከተባለ፣ ጋሽ ጌቱ ማሽኑን በጠበል ቢያጥብ እንኳ ማንም አይገዛሽም። ውሸት አይደለም ደግሞ፤ ለእኛ አልቋል።”

ይህኛው ምክር እንደ ቅድሙ አልነበረም። ማንንም አይጎዳም። ከልጆቹ አንድም አይጠጣም፤ ከእናቶቹ አንዷም አታዝንም። የበቀለችም ቃል ይጠበቃል። የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ሁሉም ተሰልፎ ይጠብቃታል። ኤሊ የማይረባ ሐሳብ ሲሆን በአንድ ቃል መቁረጥ ለምዳለች፤ ይህን ግን አገላብጣ አየችው። አዋጭ ነው። በንግድ ትምህርት ቤትም ቢሆን ጥሩ ውጤት ያስገኝ ነበር።

ከዚያ እናቷን አየች። በቀለች ከኋላ የቀረች አንዲት ትንሽ ልጅ ጠብቀው፣ እጇን ይዘው፣ በጣታቸው ወደ ኪዮስኩ እያመለከቱ አንድ ነገር ይነግሯታል። ምን እንደሚነግሯት ለማወቅ መስማት አያስፈልግም።

“እሺ አልሽ?” አለ ሶፎንያስ። ወረቀቱ የተላጠ አንድ እሽግ አንሥቶ አቀበላት። “ይህን ያዢና አሳዪያቸው፤ የመጨረሻው ነው በያቸው። እኔ ካርቶኖቹን በጓሮ እሸፍናለሁ።”

ኤሊ እሽጉን ተቀበለችውና መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ካልተነካው ካርቶን ውስጥ ሌላ አወጣች፤ አረንጓዴው ወረቀት ያለበትን። “የጾም” የሚለውን በአውራ ጣቷ አቧራውን ጠርጋ ወደ ፊት አዞረችው።

“ይኸኛውን ነው የማሳያቸው፤ እኔ የዋሸሁበትን” አለች።

“ኤሊ! ቆይ እንጂ! ትንሽ አስቢበት!”

“አስቤበታለሁ።”

ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።